ዋናው መስመር መንደር ሲደርስ፦ የገጠር ሚኒ-ግሪድን ከኔትወርኩ ጋር ማገናኘት

ለዓመታት በወንዝ ዳር ተርባይን ሲበራ በኖረ መንደር አጠገብ የ33 ኪሎ ቮልት ምሰሶ መተከል ሲጀምር፣ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ “ከእንግዲህ የእኛ ማሽን ምን ሊሠራ ነው?” የሚል ነው። ስሪላንካ ውስጥ ብዙ የመንደር ማይክሮ ሃይድሮዎች (ትንንሽ የውኃ ኃይል ጣቢያዎች) ብሔራዊው መስመር ሲመጣ ተዘግተው ቀርተዋል፤ ተገናኝተው መሸጥ የጀመሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ኔፓል ውስጥ ግን ኑዋኮት በተባለው ወረዳ የሚገኘው የሲያውሬቡሚ ጣቢያ 23 ኪሎ ዋት ብቻ ይዞ በ2018 እ.ኤ.አ. ከብሔራዊው ኔትወርክ ጋር ተገናኝቷል። 23 ኪሎ ዋት ሰባት የእንጀራ ምጣድ እኩል ማስነሳት አይችልም። ስለዚህ “የእኛማ ትንሽ ነው” የሚለው ምክንያት አይሆንም።

ከዚህ በታች ያለው ከ20 እስከ 200 ኪሎ ዋት ለሚያመነጩ፣ ባለ ሦስት ፌዝ ሲንክሮነስ ጄኔሬተርና ኤሌክትሮኒክ ሎድ ኮንትሮለር (ትርፍ ኃይልን ወደ ማሞቂያ የሚመራ መሣሪያ) ላላቸው የውኃ ጣቢያዎች የሚሆን ነው። ለስሌት እንዲመች 50 ኪሎ ዋት ጣቢያ እንወስዳለን። ሶላር ላላቸው መጨረሻ ላይ ጥቂት ነገር አለ።

መሸጥ፣ መግዛት ወይስ ሁለቱንም?

አንደኛው መንገድ ጄኔሬተሩን አቁሞ፣ የመንደሩን መስመር ይዞ፣ ከዋናው ኔትወርክ በጅምላ እየገዙ ማከፋፈል ነው። ካምቦዲያ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የዲዝል ባለቤቶች የሄዱበት ነው፤ ዲዝል አቃጥሎ ከማምረት መግዛት ይረክሳልና አዋጥቷቸዋል። ሁለተኛው ማከፋፈሉን አስረክቦ ጄኔሬተሩን ብቻ ይዞ መሸጥ ነው። ሦስተኛው ሁለቱንም መያዝ ነው፦ ከመንደሩ የተረፈው ወደ ላይ ይሄዳል፣ ሲጎድል ከላይ ይመጣል፣ ዋናው መስመር ሲጠፋ ደግሞ መንደሩ ተነጥሎ በራሱ ውኃ ይበራል። ባለሙያዎች ይህን መነጠል “አይላንዲንግ” ይሉታል።

ለውኃ ጣቢያ የምንመርጠው ሦስተኛውን ነው። ሰው ሲተኛ ውኃው አይተኛም፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ባላስት (ትርፍ ኃይል የሚፈስበት ማሞቂያ) ውስጥ ውኃ ሲያፈላ የኖረው ኃይል አሁን ይሸጣል። ደግሞም ረጅም የገጠር መስመር ነፋስና ዝናብ ባለበት ሁሉ ይቋረጣል፤ መብራት ሲሄድ የማይጨልም ጤና ጣቢያና የማይቆም ወፍጮ ከሽያጩ ገንዘብ ይበልጣሉ። በቴክኒክ ከባዱ ግን ይኸው ሦስተኛው ነው፤ የጽሑፋችን አብዛኛው ክፍልም ስለሱ ነው።

ወረቀቱ አጭር ይሁን እንጂ አይዘለልም። በኢትዮጵያ 15 እና 33 ኪሎ ቮልት ማከፋፈያ መስመሮችን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ዘርፉን የሚቆጣጠረውና ፈቃድ የሚሰጠው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው፤ የሕጉ መሠረት የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ነው። በስምምነቱ ላይ ቆጣሪው በ33 ኪሎ ቮልት ወይስ በ400 ቮልት በኩል እንደሚሰካ በግልጽ ይጻፍ፤ የትራንስፎርመሩ ብክነት በማን ኪስ እንደሚያርፍ የሚወስነው ይህ ነው። መስመሩ ሲጠፋ መንደሩ ተነጥሎ እንዲሠራ መፈቀዱ፣ የመከላከያ ሪሌዩን (ችግር ሲያይ ብሬከሩን የሚያስከፍተውን መሣሪያ) ሴቲንግ ማን እንደሚቆልፈው፣ ለጥገና መስመር ሲዘጋ ማን ለማን እንደሚደውል አብሮ ይግባ። ይህ በቃል ብቻ ከቀረ በኋላ ያጣላል።

የመንደሩ መስመር ይችላል ወይ?

ሚኒ-ግሪድ (የመንደሩ የራሱ ትንሽ ኔትወርክ) የሚሠራው በቤት አምፖል፣ ሬዲዮና ስልክ ቻርጅ ታስቦ ነው። ዋናው መስመር በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ምጣድ ይገባል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ በ230 ቮልት 15 አምፒር መሆኑ ነው። ባለ 16 ካሬ ሚሊሜትር የአሉሚኒየም ኬብል በኪሎ ሜትር 1.91 ኦም አለው። ከትራንስፎርመሩ 300 ሜትር በሚርቅ ባለ ነጠላ ፌዝ ቅርንጫፍ ላይ አንዲት እናት ምጣድ ስትጥድ፣ በመሄጃውና በመመለሻው ሽቦ ላይ 17 ቮልት ይጠፋል፤ ከመቶ 7 ተኩል ማለት ነው። ጎረቤቷም ከጣደች 34 ቮልት ይጠፋና የሁለቱም ቤት አምፖል ይፈዝዛል። ኬብሉ ባለ 50 ቢሆን (በኪሎ ሜትር 0.641 ኦም) ለአንድ ምጣድ የሚጠፋው 6 ቮልት አይሞላም። ስለዚህ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ርዝመቱን ለኩ፣ የሚጠበቀውን ምጣድ ቁጠሩ፣ ከ16 እና 25 ውስጥ የትኛው ወደ 50 እንደሚያድግ ከአሁኑ ወስኑ። ፌዞቹንም አመጣጥኑ፤ ቀድሞ ግማሽ መንደር በአንድ ፌዝ ላይ ተንጠልጥሎ የኖረበት ቦታ ብዙ ነው።

ምሰሶው የባሕር ዛፍ ከሆነና መድኃኒት ካልተነከረ፣ ከመሬቱ አፍ 30 ሴንቲሜትር ወደ ታች ቆፍሩና በስለት ውጉት። ስለቱ ያለ ችግር ከገባ ውስጡ በስብሷልና ከላይ ደህና ቢመስል አትመኑት። አዲስ 9 ሜትር ምሰሶ 1.5 ሜትር ይቀበራል፤ በምሰሶዎች መካከል ከ40 እስከ 50 ሜትር ይበቃል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ብሬከሩን ነው። የእናንተ ጄኔሬተር ሽቦ ቢጋጭ የሚሰጠው ጥቂት መቶ አምፒር ነው፤ እሱም ወዲያው ይወርዳል። ዋናው መስመር ግን በ100 ኪሎ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር በኩል ሲመጣ ሌላ ነው፦ ሙሉ ጭነቱ 144 አምፒር፣ ኢምፔዳንሱ (የውስጥ ተቃውሞው) ከመቶ 4 ከሆነ የግጭት ኮረንቲው 3,600 አምፒር ይደርሳል። በ200 ኪሎ ቮልት አምፒር ከ7,000 ያልፋል። የትንንሽ ብሬከሮችን ፊት ተመልከቱ፤ በአራት ማዕዘን ውስጥ 3000 ወይም 6000 ተብሎ ተጽፏል። ለትራንስፎርመሩ ቅርብ የሆኑ ቤቶች ላይ 3000 የሚል ካገኛችሁ ቀይሩት፤ በግጭት ጊዜ መክፈት ያቅተውና እዚያው ይፈነዳል። በዋናው ሰሌዳ ላይ 10000 ይሁን። መስመሩ ጫፍ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ በዚያው በ300 ሜትር ባለ 16 ኬብል ጫፍ ላይ ግጭቱ 200 አምፒር ብቻ ስለሚሆን፣ መነሻው ላይ 63 አምፒር ፊውዝ ያደረገ ሰው ሽቦው እየጋለ ፊውዙ ሲዘገይ ያያል። ለእንዲህ ያለ ቅርንጫፍ 32 አምፒር አድርጉ።

ትራንስፎርመርና ኑትራል

የትራንስፎርመሩን መጠን በጄኔሬተሩ ብቻ አትምረጡ። 50 ኪሎ ዋት ወደ ላይ ለመላክ 63 ኪሎ ቮልት አምፒር ይበቃ ነበር፤ ጄኔሬተሩ በተበላሸ ቀን ግን መንደሩ በሙሉ ከላይ ይስባል፣ እሁድ ጠዋት 30 ምጣድ ቢጣድ 105 ኪሎ ዋት ነው። ስለዚህ 100 ሳይሆን 200 ሊያስፈልግ ይችላል።

ቦታውም ይታሰብበት። ጣቢያው ወንዝ ዳር፣ ትራንስፎርመሩ 400 ሜትር ራቅ ብሎ መንገድ ዳር ቢተከልና መካከሉ በ50 ካሬ ኬብል ቢገናኝ፣ 50 ኪሎ ዋት ሲላክ በየፌዙ ወደ 18 ቮልት ይጠፋል። ኃይል የሚልከው ወገን ቮልቴጁ ከፍ ማለት ስላለበት የጣቢያው ቮልቴጅ ወደ 248 ይወጣል፤ አጠገቡ ያሉ ቤቶች አምፖል ማቃጠል ይጀምራሉ። በ95 ካሬ ኬብል ጭማሪው ወደ 9 ቮልት ይወርዳል። ከሁሉም የሚሻለው ትራንስፎርመሩን ወደ ጣቢያው ማስጠጋት ነው።

የትራንስፎርመሩ ኑትራል (መመለሻው ሽቦ) ከመሬት ጋር የታሰረ ነው፤ የጄኔሬተራችሁም ኑትራል እስከ ዛሬ እንዲሁ ከመሬት ጋር ታስሮ ነበር። ሁለቱ አብረው ከቀሩ በሁለቱ መካከል ሦስተኛው ሃርሞኒክ (ሦስት እጥፍ ፍሪኩዌንሲ ያለው ኮረንቲ) ይዘዋወራል፤ ምንም ጭነት ሳይኖር ኑትራሉ ይግላል። መፍትሔው የጄኔሬተሩን ኑትራል በኮንታክተር (በኤሌክትሪክ በሚከፈትና በሚዘጋ ስዊች) ማሳለፍ ነው፦ ከዋናው መስመር ጋር ሲገናኝ ይከፈታል፣ መንደሩ ሲነጠል ይዘጋል። ይህ ኮንታክተር ሳይዘጋ ቀርቶ መንደሩ ያለ ኑትራል ቢበራ ግን የአንዱ ፌዝ ቤቶች 300 ቮልት፣ የሌላው 150 ሊያገኙ ይችላሉና፣ መዘጋቱን የሚያረጋግጥ ረዳት ኮንታክት ከጄኔሬተሩ ብሬከር ጋር ይታሰር።

በ33 ኪሎ ቮልት በኩል አገልግሎቱ ብቻ የሚከፍተውና የሚቆልፈው፣ መከፈቱ በዓይን የሚታይ መለያያ ስዊች የግድ ነው። ትራንስፎርመር ወደ ኋላም ይሠራል፤ የእናንተ 400 ቮልት ወደ 33,000 ይወጣል። ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ መብራት ጠፍቷል ብሎ የያዘው ሽቦ ከእናንተ ጣቢያ በሚመጣ ኃይል ሊገድለው ይችላል።

ሎድ ኮንትሮለሩ

ብዙ ግንኙነት የሚበላሸው እዚህ ነው። ሎድ ኮንትሮለሩ የተሠራው መንደሩ ሳይጠቀም የቀረውን ኃይል ወደ ባላስት እየመራ ፍሪኩዌንሲውን 50 ኸርዝ ላይ እንዲይዝ ነው። ዋናው ኔትወርክ ግን ፍሪኩዌንሲውን ራሱ ይወስናል፤ የእናንተ 50 ኪሎ ዋት አንዲት አሥረኛ ኸርዝ አያንቀሳቅሰውም። ኔትወርኩ 50.2 ሲሆን ኮንትሮለሩ “ተርባይኑ ፈጠነ” ብሎ ሁሉንም ወደ ባላስት ያፈስሳል፤ መንደሩ ከላይ እየገዛ እናንተ ወንዙን ታሞቃላችሁ። 49.8 ሲሆን ባላስቱን ባዶ ያደርጋል። በቀን መቶ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይላል።

የባሰው ግን ሌላው ነው። ከእናንተ በላይ የሆነ ቦታ ብሬከር ተከፍቶ የፊደሩ (ወደ እናንተ የሚመጣው ማከፋፈያ መስመር) ጫፍ ከእናንተ ጋር ብቻ ቢቀር፣ ኮንትሮለሩ ሥራውን በደንብ ይሠራል፦ ትርፉን በባላስት ውጦ ፍሪኩዌንሲውን 50 ላይ ይይዛል። መከላከያው ሪሌይ ሲያይ 50 ኸርዝ፣ 400 ቮልት፤ ኔትወርኩ ያለ ይመስለዋል፣ አይቆርጥም። የሞተ የተባለው መስመር ሕያው ነው።

ስለዚህ ለኮንትሮለሩ ሁለት መነሻ ነጥብ ስጡት፣ የሚቀያየሩትም መንደሩን ከኔትወርኩ ጋር በሚያገናኘው በዋናው ብሬከር ረዳት ኮንታክት ይሁን። ብሬከሩ ክፍት ሲሆን 50፣ ዝግ ሲሆን 52.5 ኸርዝ። የሪሌዩ የላይኛው ወሰን 51.5 ከሆነ ዋናው ቁምነገር ኮንትሮለሩ ከዚያ በላይ መቀመጡ ነው፦ መስመሩ ሲቋረጥ ፍሪኩዌንሲው ወደ 52.5 ይሮጣል፣ በመንገዱ 51.5ን ሲያልፍ ሪሌዩ ይቆርጣል፣ ነጥቡ ወዲያው ወደ 50 ይመለሳል፣ ባላስቱ ጭነቱን ይይዛል፣ መንደሩ ብልጭ ብሎ መብራቱን ይቀጥላል። ወደ ላይ ሲቀየር በ30 ሰከንድ ቀስ ብሎ ይውጣ፤ ወደ ታች ሲቀየር ግን በቅጽበት ይሁን። የቆየው ኮንትሮለራችሁ ሁለት ነጥብ መያዝ የማይችል ከሆነ እሱን ለመቀየር በጀት ያዙ፤ በፕላስተርና በተጨማሪ ሪሌይ አትጠጋግኑት።

የቮልቴጅ መቆጣጠሪያውም (ኤ.ቪ.አር.) ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ብቻውን ሲሠራ 400 ቮልትን ይጠብቃል። የገጠሩ መስመር ማታ ወደ 370 ሲወርድ ይህ መሣሪያ መላውን ኔትወርክ ወደ 400 ሊያነሳ ይታገላል፤ የማግኔት ጥቅልሉን ኮረንቲ እየጨመረ ዳዮዱን ወይም ራሱን ያቃጥላል። ሌሊት መስመሩ 420 ሲሆን ደግሞ ማግኔቱን ያደክምና ጄኔሬተሩ ከእርምጃው ይወጣል። ስለዚህ ሲገናኝ በፓወር ፋክተር ሞድ የሚሠራ (ቮልቴጁን ሳይሆን ጠቃሚ ኃይሉ ከጠቅላላው ያለውን ድርሻ የሚጠብቅ)፣ 0.95 እና 1 መካከል የሚይዝ፣ ወሰን ያለው ይግዙ። ይህ ካልተቻለ ድሩፕ ሲቲ (ጭነቱን የሚለካ የኮረንቲ ትራንስፎርመር) ተጨምሮ በሙሉ ጭነት ከመቶ 4 ያህል ቮልቴጅ እንዲጥል ይስተካከል።

ሪሌዩና የሚሞላው ቁጥር

የመጨረሻውን ሴቲንግ የሚሰጠው አገልግሎቱ ነው፤ ለውይይት መነሻ ግን አይ.ትሪፕል.ኢ. 1547 የተባለው መለኪያ በ2003 እ.ኤ.አ. እትሙ ያስቀመጠው ይበጃል። ቮልቴጅ ከ50 ከመቶ በታች ከወረደ በ0.16 ሰከንድ፣ ከ50 እስከ 88 ከሆነ በ2 ሰከንድ፣ ከ110 እስከ 120 ከሆነ በ1 ሰከንድ፣ ከ120 ካለፈ በ0.16 ሰከንድ መቁረጥ። መስመር ከእናንተ ጋር ተነጥሎ ከቀረ በ2 ሰከንድ ውስጥ መውጣት። ለፍሪኩዌንሲ በ50 ኸርዝ አገሮች ከ47.5 እስከ 51.5 የተለመደ ነው።

ፊደሩ ላይ ሪክሎዘር (ተከፍቶ ራሱ መልሶ የሚዘጋ ብሬከር) ካለ 2 ሰከንድ ሊረዝም ይችላል። ሪክሎዘሩ ከ1 ሰከንድ በኋላ መልሶ ከዘጋና እናንተ ገና ካልወጣችሁ፣ ሁለቱ ፌዛቸው ሳይገጥም ይላተማሉ። የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ የዘንጉ ቁልፍ ወይም ካፕሊንጉ ነው፤ ቀበቶ ያለው ጣቢያ ቀበቶ በጥሶ ይድናል። ሪክሎዘሩ የሚጠብቀውን ጊዜ ጠይቁና የእናንተን መውጫ ከግማሹ በታች አድርጉ።

በ33 ኪሎ ቮልት በኩል ዴልታ የሆነ (ኑትራል የሌለው፣ በሦስት ማዕዘን የታሰረ) ትራንስፎርመር ላይ አንድ ሽቦ መሬት ቢነካ በ400 ቮልት በኩል ያለ ሪሌይ አያየውም፤ የቀሩት ሁለት ፌዞች ግን ከመሬት አንጻር በ1.73 እጥፍ ይወጣሉ። አገልግሎቱ በከፍተኛው በኩል የኑትራል ቮልቴጅ መለኪያ ከጠየቀ “ገንዘብ ማስወጣት ነው” አትበሉ፤ ምክንያቱ ይህ ነው።

ሲንክሮናይዝ ማድረግ (ሁለቱን ወገኖች ማመሳሰል)

በቅድሚያ ፌዝ ቅደም ተከተል። ትራንስፎርመሩ ያለ ጭነት ከላይ ኃይል ይሰጠው፣ በሁለቱም በኩል በፌዝ ሮቴሽን መለኪያ ይታይ። ከተለያየ ሁለት ሽቦ የምትቀያይሩት በትራንስፎርመሩ ጫፍ ላይ ነው። በመንደሩ በኩል ከቀየራችሁ ነገ ጠዋት ወፍጮው ሁሉ ወደ ኋላ ይዞራል።

ቀጥሎ በተከፈተው ዋና ብሬከር በእያንዳንዱ ፌዝ መግቢያና መውጫ መካከል አምፖል እሰሩ፦ በእያንዳንዱ ፌዝ ሁለት ባለ 230 ቮልት አምፖል በተከታታይ፣ ምክንያቱም ሁለቱ ወገኖች ሲቃረኑ 460 ቮልት ይደርሳል። ሦስቱም እኩል ከበሩና እኩል ከጠፉ ትክክል ነው። ተራ በተራ ከዞሩ ፌዙ ተሳስቷል፤ አትዝጉ። ሲንክሮ-ቼክ ሪሌይ (ሁለቱ ወገኖች ካልገጠሙ ብሬከሩ እንዳይዘጋ የሚከለክል) ቢኖርም ይህ ሙከራ አይቀርም፤ የሪሌዩ መለኪያ ሽቦ ራሱ ተሳስቶ ሊታሰር ይችላልና።

እስከ 500 ኪሎ ቮልት አምፒር ለሆነ ጣቢያ ያው አይ.ትሪፕል.ኢ. 1547 በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚፈቅደው ልዩነት 0.3 ኸርዝ፣ ከመቶ 10 ቮልቴጅና 20 ዲግሪ ነው። ለዘንጉ ስትሉ 0.1 ኸርዝ፣ ከመቶ 5 እና 10 ዲግሪ ያዙ። 0.1 ኸርዝ ማለት አምፖሉ ከጨለማ እስከ ጨለማ 10 ሰከንድ ይፈጃል፤ ብሬከሩ ለመዝጋት 80 ሚሊ ሰከንድ ቢወስድ ማዕዘኑ በዚያ ጊዜ 3 ዲግሪ ብቻ ይሸሻል። በ0.3 ኸርዝ 9 ዲግሪ ገደማ ይሸሻል። የኮንትሮለሩን ነጥብ ከኔትወርኩ በ0.1 ከፍ አድርጉ፣ ሲገጥም ይዘጋ።

ሲንክሮ-ቼኩ መንደሩ ጨለማ ሆኖ ከላይ መብራት ሲኖር እንዲዘጋ ይፈቀድለት። የተገላቢጦሹ፣ ማለትም መንደሩ በርቶ ከላይ ሙት ሲሆን፣ በፍጹም አይፈቀድ። ኔትወርኩ ተመልሶ ሲመጣም 5 ደቂቃ ሳይቋረጥ ቆይቶ ካልሆነ መልሶ አይገናኝ።

የመጀመሪያው ቀን

የመሬት ማሰሪያውን ተቃውሞ ለኩ፤ በትራንስፎርመሩ 5 ኦም ወይም ከዚያ በታች ይሁን። ኬብሎቹን በ500 ቮልት ሜገር (የሽቦ ሽፋን መፈተኛ) ለኩ፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች የሆነ ቅርንጫፍ አይገናኝ። የትራንስፎርመሩን 400 ቮልት ወገን ለሦስት ቀን በመመዝገቢያ መሣሪያ ተከታተሉና ታፑን (የቮልቴጅ ማስተካከያ ደረጃውን) በማታውና በሌሊቱ ቮልቴጅ መካከል አስቀምጡ።

ከተገናኘ በኋላ ኮንትሮለሩ ቀስ ብሎ ሲወጣ የባላስቱ ኮረንቲ እየቀነሰ የብሬከሩ ሲጨምር በክላምፕ ሜትር ይታያል። በዚህ ጊዜ ቆጣሪውን አንብቡ። ጄኔሬተሩ 50፣ መንደሩ 10 ኪሎ ዋት ከሆነ ቆጣሪው 40 ሽያጭ ማሳየት አለበት። 40 ግዢ ካለ የቆጣሪው ሲቲ ጫፎች ተገልብጠዋል፤ በዚያው ቀን አገልግሎቱ አርሞ ይሽገው፣ በወሩ መጨረሻ መከራከር ከባድ ነው።

ከዚያ ብሬከሩን በእጅ ክፈቱ፤ መጀመሪያ 10፣ ቀጥሎ 25፣ በመጨረሻ 50 ኪሎ ዋት እየላካችሁ። ባላስቱ በጊዜ ካልያዘ ክሮስፍሎው ተርባይን በጥቂት ሰከንድ ወደ 1.8 እጥፍ ፍጥነት ይሮጣልና አንድ ሰው በውኃው መዝጊያ ላይ እጁን አድርጎ ይቁም።

ሶላር ላላቸው

በባትሪ የሚሠራ ኢንቨርተር ሁሉ ከዋናው መስመር ጋር አይገናኝም። ቮልቴጅ የሚፈጥረው ዓይነት ሌላ፣ ያለውን የሚከተለው ሌላ ነው፤ ሁለቱንም ማድረግ የሚችለው ውድ ነው። በሰነዱ ላይ አይ.ኢ.ሲ. 62116 ወይም ዩ.ኤል. 1741 (ኢንቨርተሩ ከኔትወርክ ጋር ለመገናኘት መፈተኑን የሚያሳዩ መለኪያዎች) የሚል ከሌለ ለብቻው ይቆይ፤ መንደሩ በመቀየሪያ ስዊች ወይ ከዚህ ወይ ከዚያ ይብራ። ኢንቨርተር በግጭት ጊዜ ከሙሉ ጭነቱ ብዙም የማይበልጥ ኮረንቲ ስለሚሰጥ፣ ተነጥሎ ሲሠራ ፊውዝ አያቃጥልም፤ ራሱ ይዘጋና መንደሩ ሁሉ ይጨልማል።

ከተገናኘ በኋላ

ባላስቱ ለወራት ቀዝቅዞ ይቀመጣል፤ ኤለመንቱ ዝገትና ቅርፊት ይይዛል፣ ወይም ገንዳው ደርቆ ማንም አያየውም። ይህ የሚታወቀው ዋናው መስመር በጠፋበት ሌሊት ከሆነ ዘግይቷል። በየሦስት ወሩ ብሬከሩን ከፍታችሁ መንደሩን ለአንድ ሰዓት በራሱ አብሩ፤ የእያንዳንዱን ኤለመንት ኮረንቲ በክላምፕ ለክታችሁ ከመጀመሪያው ቀን ንባብ ጎን መዝግቡ። 20 አምፒር ይስብ የነበረ ኤለመንት 13 ካሳየ በሚቀጥለው ሳምንት ሳይሆን በዚያው ቀን ይቀየር።